«እና ሌሎች»

ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የፈትሂያ ልብ አብሮ ይወርድ ነበር። ልጇ ሰልዋ ዛሬ በሆቴል አዳራሽ፣ በሰው ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቫይብራፎን ልትጫወት ነው። መምቻው ከእጇ ቢወድቅስ? ሰው ቢስቅባትስ?

መሣሪያው ከድሮ የኪነት ቡድን የተረፈ ነው። ሰልዋ የብረት ዘንጎቹን ከዝገት አጽድታ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታቸው ውስጥ ከስልኳ ጃዝ እየከፈተች ትለማመዳለች። የእናቷም ጆሮ ለመደ። አንዱን ተጫዋች «ብረቱን የሚያባብለው» ትለዋለች፤ የእንጨት ዘንግ ያለውን ማሪምባ የምትመታዋን ደግሞ «የእንጨቷ ሴት»።

አንድ ቀን ፈትሂያ ጠየቀች። «ይሄ የሚያባብለው ስሙ ማነው?»

«አልተጻፈም እማ። የዘፋኙ ስም ብቻ ነው ያለው።»

«እንዲህ እየተጫወተ?»

«ማን ልብ ይለዋል ብለሽ ነው!»

ፈትሂያ ግን ልብ አለችው።

የሆቴሉ በር ላይ ፖስተር ተለጥፏል። በጎልማሶች ትምህርት ፊደል የቆጠረችው ዘንድሮ ነውና ጣቷን እያስኬደች አነበበች። የዘፋኟ ስም በትልቁ። ከሥሩ «እና ሌሎች»። እንደገና ከላይ ጀመረች። ሰልዋ የለችም።

አዘጋጁን አግማስን አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲያስደረድር አገኘችው።

«ወንድሜ፣ የልጄ ስም የለም።»

«እናቴ፣ ሰው የሚመጣው ዘፋኟን ብሎ ነው። ያንን ቅጭል ቅጭል የሚል ብረት ማን ያውቀዋል?»

«ካልጻፋችሁት በምን ይወቀው?»

አግማስ ሳቀ። «ለመሆኑ አንብበውት ነው ወይስ ነግረውዎት?»

ያ ስሙ ያልተጻፈው ብረት አባባይ ትዝ አላት።

«አንብቤ ነው! መጻፍም እችላለሁ።»

ከመግቢያው ጠረጴዛ ማርከር አንስታ ወደ ፖስተሩ ተመለሰች። ከደብተሯ ውጭ ጽፋ አታውቅም፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያታል። «ያ ረቢ፣ አታሳፍረኝ» አለችና ጻፈች፦ ሰልዋ በሺር፣ ቫይብራፎን። ፊደሎቹ ተጋፉ፣ ጫፉም ወደ ታች አዘመመ።

«ኧረ እትዬ! ፖስተሩን አበላሹት እኮ!» አለ አግማስ ተከትሏት ወጥቶ።

«ሌላ አሳትም። ወላሂ፣ እሱም ላይ እጽፋለሁ!»

ከኋላዋ ቤዝ ጊታር ያነገተ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠረገ። የባንዱ ሞላ ነው።

«እትዬ፣ እኔም ስንት ዓመት ሙሉ ‹ሌሎች› ነኝ። እኔንም ይጻፉኝ።»

አግማስ ማርከሩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ፈትሂያ ወደ ደረቷ ሰበሰበችውና ወደ ሞላ ዞረች።

«ያባትህን ስም ንገረኝ።»