አራት ጎማ ከጀርመን

ሸቫላ መኪናውን ግቢው መሃል ገትራ ወረደችና የፊቱን ጎማ በጫማዋ ጠለዘችው። ደገመችው። ልጇ አይና ከኋላ ወንበር ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አቅፋ፣ ቀበቶዋን ሳትፈታ ቁጭ ብላለች።

"ኢዙዲን! ና ውጣ! ና ጎማህን እይልኝ!"

ባሏ በነጠላ ጫማ ወጣ። "ምን ሆነሻል? ጎረቤት ይሰማል እኮ።"

"ይስማ! ልጅህን ከገደል አፋፍ ላይ ነው ያመጣሁልህ። ቁልቁለቱ ላይ መሪውን አዞርኩ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ። ፍሬን ያዝኩ፣ አሁንም ሄደ። መንገድ ጠራጊዎቹ የቆለሉት በረዶ ባይዘን ኖሮ አሁን የምታወራው ከፖሊስ ጋር ነበር!"

"ፈጥነሽ ነዋ የነዳሽው።"

ከቦስኒያዋ ቡጎይኖ ከተማ እስከ ላይኛዋ ኩፕሬስ ያለውን ዳገት ከስራ ቀን አንዱንም ሳታጓድል የምትወጣው ሸቫላ ናት። ላይኛው ክሊኒክ አዋላጅ ናት፤ ልጅቷም እዚያው ነው የምትማረው። ኢዙዲን ግን የሚሠራበት የቤት ዕቃ ማምረቻ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ስለሆነ በእግሩ ነው የሚሄደው። ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ መርሴዲስ እሁድ እሁድ ያጥባል፣ ይወለውላል፣ አንድ ዙር ነድቶ ይመልሳል። ጎማ የሚመርጠው ግን እሱ ነው።

የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ለኋላ ሁለት የበረዶ ጎማ ገዛ፣ ለፊት የበጋውን ተወው። "የሚገፋው የኋላው ነው፣ የፊቱ ይከተላል" አለ፤ አባቱም እንዲህ ይሉ ነበር። ይከተላል! መሪውን የሚታዘዘው፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፍበት የፊቱ ጎማ እንዳልሆነ ሁሉ። በዚያ ከተማ ከኋላ የሚገፋ መኪና ያለው ወንድ ግማሹ እንዲህ ያምናል። ከኋላ ሁለት ጆንያ አሸዋ ይጭናል፣ ቦይ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱን ይሰድባል።

"እኔ አልፈጠንኩም" አለችው። "አንተ ነህ ጎማውን ለሁለት የከፈልከው።"

ይሄኔ ከቤቱ ውስጥ የሚስቅ ድምፅ ተሰማ። የባሏ ታላቅ ወንድም ኤኒዝ ነበር፤ ከሚኖርባት ከጀርመኗ ሽቱትጋርት ገና መድረሱ ነው። አዲሱ ትልቅ መኪናው አጥሩ ስር ቆሟል፤ አራቱም ጎማ የሚገፋ ዓይነት ነው።

"የወንድሜ ሚስት፣ በቃ ተረጋጊ! የችግርሽን መፍትሔ ይዤልሽ መጥቻለሁ" አለና የመኪናውን የኋላ በር ከፈተው። የሚያብረቀርቁ አራት ሰፋፊ ቸርኬዎች፣ የበረዶ ጎማ እንደ ለበሱ፣ ተደርድረዋል። "ጀርመን የሰራው ነው። ሌላ ምንም አልልም!"

ኢዙዲን እንደ ልጅ ፊቱ በራ። አማቷ ወይዘሮ ዙምራ ከበረንዳው ላይ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ትልቁን ልጃቸውን መረቁ። ሸቫላም አመሰገነች። ከጀርመን የመጣ ነገር አይመረመርም፤ የቡና ማፍያም ይሁን ካፖርት ተቀብሎ "ይኼማ ዕድሜ ልክ ነው" ይባላል። ተሰናባቹም ሲመለስ መኪናው ሙሉ በጭስ የደረቀ የበሬ ሥጋና የተራራ አይብ ይጫንለታል። ደንቡ ይኸው ነው።

ወንድማማቾቹ ጨለማ ሳይመጣ መኪናውን በክሪክ አንስተው አራቱንም አሰሩ። ኢዙዲን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው።

"አሁን መኪና መሰለች!"

ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ጣለ። እሁድ ጠዋት ሸቫላ አካፋ ይዛ ልትጠርግ ወጣችና መኪናው አጠገብ ቆመች። ጓንቷን አውልቃ ጎማውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ተጫነችው። አልጎደጎደም። የበረዶ ጎማ በብርድ ካልለሰለሰ ምኑን የበረዶ ሆነ? ይኼ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ የደረቀ ነው። ጎኑ ላይ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ተቀርጿል፤ በረዶውን ጠርጋ አነበበችው። ጎማው በዕድሜ ከአይና ይበልጣል። ሸቫላ ገና ሳታገባ የተሰራ ነው። ሌላ ሰው ቆሻሻ ላይ የሚጥለውን ኤኒዝ በስጦታ ስም ወንድሙ ቤት ጥሎታል።

ደሟ ፈላ። ግን አካፋውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ገባችና ምሳ አቀረበች።

ሥጋ የተጠቀለለበት ቂጣ፣ ቡሬኩ፣ ተቆርሶ ሁሉም ሲበላ የመኪናውን ቁልፍ አምጥታ ከኤኒዝ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው።

"ጋሼ ኤኒዝ፣ ከመሄድህ በፊት አንድ ውለታ ዋልልኝ።"

"እዘዢኝ።"

"አይናን ይዘህ ዳገቱን ውጣና ተመለስ። በመርሴዲሱ። መንገዱ ገና አልተጠረገም።"

ኤኒዝ ሳቀ። "ለምን ተብሎ?"

"ነገ ማለዳ እኔ እወጣበት የለ? አንተ ደግሞ ጎማውን ታውቀዋለህ። እኔ ብዙም አላወቅሁት።"

"ረጅም መንገድ ነው የሚጠብቀኝ፣ የኔ እመቤት። ወገቤም..."

"ግማሽ ሰዓት ነው።"

"በእንዲህ ዓይነት አየር ልጅ ይዞ መውጣት..." አለና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

አይና አጎቷን ታያለች። ወይዘሮ ዙምራ ሹካቸውን አስቀመጡ።

"ኤኒዝ ልጄ" አሉ በቀስታ። "ቁልፉን አንሳው እንጂ።"

ኤኒዝ አላነሳውም። እጁ ከጠረጴዛው ስር ገባ። ኢዙዲን የወንድሙን ትከሻ አየ፣ ቁልፉን አየ፣ አይናን አየ። አንገቱ ከታች ጀምሮ ሲቀላ ይታይ ነበር።

"ታውቅ ነበር?" አለው።

"ምኑን? የጎማው ጥርስ እኮ ጥልቅ ነው፣ ብዙ አልተነዳም..."

"ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ!"

"ታዲያ ከሁለቱ ጎማህ አይሻልም? በነፃ አምጥቼ ደግሞ ልወቀስ? እዚያ እኮ አሮጌ ጎማ ለመጣልም ያስከፍላሉ!"

ኢዙዲን ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፤ በነጠላ ጫማው በረዶው ውስጥ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ክሪኩ ሲንቃቃ ተሰማ። ሸቫላ ካፖርቷን ደርባ ተከተለችው። ብሎን እየፈታ ይሳደባል፤ ማንን እንደሚሳደብ ግን አይለይም። እሷም አልራራችለትም።

"ነገ ጎሚስታው ጋ እሄዳለሁ" አለ ቀና ሳይል። "አዲስ እገዛለሁ።"

"አራት።"

"እሺ፣ አራት። ጠባብ ይሻላል፣ በረዶውን ይቆርጣል ይላሉ። ብረቱ ቸርኬ ግን ጥቁር ነው፣ የመኪናዋን መልክ ያበላሻል..."

"ኢዙዲን!"

ብሎን መፍታቱን አቆመ።

"አንተ የትም አትሄድም። የምነዳው እኔ ነኝ፤ የምመርጠውም እኔ ነኝ። ነገ አይናና እኔ በአውቶቡስ ነን። ይቺ ደግሞ እግር እስኪወጣላት እዚሁ ትቆማለች።"

አራቱ ቸርኬ ሲወልቁ መርሴዲሱ በእንጨት ጉማጅ ላይ ቀረ። ሸቫላ የመጀመሪያውን ጎማ እያንከባለለች ወደ ኤኒዝ መኪና ወሰደችና የኋላውን በር ከፈተች። ኢዙዲን አንድ አፍታ ቆሞ አያት። ከዚያ ሁለተኛውን አነሳ። እንዳመጣቸው አድርገው ደረደሯቸው፤ ቦታው ጢም አለ።

ኤኒዝ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ከኋላው ወይዘሮ ዙምራ ሳምንቱን ሙሉ ሲያዘጋጁለት የሰነበቱትን ሥጋና ድፍን አይብ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። በተከፈተው በር ፊት ቆመው የተደረደሩትን ጎማዎች አዩ።

"ቦታ የለም፣ እማማ" አለች ሸቫላ።

"የኋላ ወንበሩ ባዶ ነው እኮ" አለ ኤኒዝ።

አሮጊቷ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ጥቅሉን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ዞሩና በረዶውን እየረገጡ ወደ ጓዳቸው መለሱት።