ጁማ የቆጠራቸው ቀዳዳዎች

«አሁን ደግሞ ጋሽ አብዱልዋሂድስ የት ገቡ?» አለች የለቅሶው ቤት ጎረቤት ጣይባ በሹክሹክታ፣ የወንዶቹን ክፍል አጮልቃ አይታ። ፍራሹ ላይ አንድም ሰው የለም። በስልክ የተከፈተው ቁርአን ብቻውን ይሰማል።

የጁማ ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ኩዌት፣ አቡ ሐሊፋ ሰፈር ባለችው የጁማ ጠባብ አፓርታማ ሴቶቹ በአንዱ ክፍል፣ ወንዶቹ በሌላው ተቀምጠው ነበር። ከዙህር ሶላት በኋላ ግን ወንዶቹ አንድ በአንድ ሾለኩ። መጀመሪያ የጁማ የሥራ ጓደኛ ሙሔ «ስልክ ላናግር» ብሎ ወረደ። የሕንጻው ጠባቂ ቡሽራ እሱን ልጥራ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ሁለቱን ገሥጸው እንዲያመጡ የተላኩት ጋሽ አብዱልዋሂድ፣ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና የጨረሱ ሹፌር፣ ይኸው ግማሽ ሰዓት ሆናቸው።

«ሽማግሌ ብንልክ ሽማግሌውም ቀልጠው ቀሩ» አለች ጣይባ።

የሟች እህት ሐሲና ከንፈሯን ነከሰች። በወንድሟ ለቅሶ ላይ ሳቅ ሊያመልጣት ነው። «የት እንዳሉማ ይሰማል» አለች። ከታች፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ብረት በሞረድ ሲፋቅ ይሰማ ነበር።

ነገሩ ሁሉ የጁማ ሥራ ነው። ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት ወደ ሱራ ሰፈር፣ እሷ ወደምትሠራበት ቤት ደወለላት። «ሐሲናዬ፣ አሮጊቷን ኮረዳ ላደርጋት ነው» አላት። አሮጊቷ የዕቃ ማመላለሻ ፒክአፑ ናት። ከስክራብ፣ ከአሮጌ መኪና መሸጫው፣ የተገጨ ጂፕ አራት ቸርኬ ከነጎማው አግኝቷል።

«የጂፕ ጎማ ለፒክአፕ ይሆናል?»

«ስድስት ቀዳዳ፣ ስድስት ብሎን። ቆጥሬያለሁ።»

ጁማ እንዲህ ነበር። የፍሪጁ በር የሌላ ፍሪጅ ስለሆነ በገመድ ይታሰራል። ለዒድ አንድ ቁጥር የጠበባት ጫማ ገዝቶላት «ቆዳ አይደል፣ ይለምድሻል» ብሏታል። ያልገጠመ ነገር ሁሉ፣ እሱ እንደሚለው፣ ገና በደንብ አልተለመነም።

ብሎኑን በትክክል ቆጥሯል። የመሐሉን ቀዳዳ ግን አልለካውም። አሮጌዎቹን ቸርኬዎች ለስክራብ ሰውዬው በልዋጭ ሰጥቶ አዲሶቹን በሰው መኪና ጭኖ መጣ። ሊገጥም ሲል የፊት እግሮቿ ሞዞ፣ ቸርኬው መሐል የሚገባው እንብርት፣ አላስገባ አለው። «ነገ እናየዋለን» ብሎ ፒክአፗን ብሎኬት ላይ ትቷት ወደ ቤቱ ወጣ። በማግስቱ ለሱብሒ ሶላት ሳይነሳ ቀረ።

ትናንት ደግሞ የባለዲያ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሰዎች መስታወቷ ላይ ወረቀት ለጠፉ። ዛሬ እስከ ዐስር ሶላት ካልተነሳች ጭነው ይወስዷታል። ከሄደች በእሷ ዕቃ የሚያመላልሰው የሙሔ እንጀራም ይሄዳል። ለሐሲና ደግሞ ወንድሟ ኩዌት ላይ ሰባት ዓመት ለፍቶ ያፈራው እሷን ብቻ ነው። እሱን ቀብራ ስትመለስ እሷንም ተጎትታ ስትሄድ ማየት አልፈለገችም።

ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች። ቡሽራ ቸርኬውን እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ጋሽ አብዱልዋሂድ ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው የመሐሉን ቀዳዳ ይሞርዳሉ።

«ጋሼ፣ ለቅሶ ነው ወይስ ጋራዥ?»

«ልጄ፣ የኋላዎቹ ገብተዋል፤ ከፊትም አንዱን ጨርሰናል» አሉ ሳያፍሩ። «ለዚህኛው የጥፍር ውፍረት ቀርቶናል። ዱዓውንም አልተውነው፣ እየፋቅን እያደረስን ነው።»

«እስቲ ወዲህ ይስጡኝ።»

ሐሲና መዳፏ እስኪግል ሞረደች። ከዚያ በኋላ ለለቅሶ የመጣ ሁሉ ቤት ሳይገባ ሞረዱ ጠበቀው። «አላህ ያጽናሽ» ይላታል፤ ቡሽራ ሞረዱን ያስጨብጠዋል፤ እንግዳውም ጥቂት ፍቆ ወደ ላይ ይወጣል። ልትቆጣ የወረደችው ጣይባ እንኳ አባያዋን ሰብስባ ተራዋን ያዘች። «ለሰው ቢነገር ማን ያምናል?» አለች እየሞረደች፣ ሐሲናም የያዘችውን ሳቅ ለቀቀችው።

ለዐስር ሶላት ሩብ ሰዓት ሲቀር ቸርኬው ገባ። ስድስቱን ዳዶ አጠበቁና ክሪኩን አወረዱት። ፒክአፗ በትልልቅ ጎማዎቿ ቁመት ጨምራ ቆመች።

ሙሔ ተንጠልጥሎ ወጣና ቁልፉን ያዘ። እግሩ ግን ፍሪሲዮኑ ጋ አልደረሰም። ጁማ ረጅም ነበር፣ ሙሔ አጭር። እጁን ወደ ወንበሩ ማስጠጊያ ላከና፣ ሐሲናን አይቶ መለሰው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ደረቱን መሪው ላይ ለጠፈ።

«እንዲሁም ይነዳል» አላት።

ሐሲና ወንበሩን አየችው። የወንድሟ የእግር ርዝመት እዚያ ነበረ። ናፈቃት።

«አይነዳም» አለች። ተንበርክካ በጠቆረ እጇ ከወንበሩ ሥር ዳበሰችና ማስጠጊያውን ሳበችው። «ግፋ።»

ወንበሩ እየተንቋቋ ወደ ፊት ሄደ።

«ደረሰልህ?»

«ደረሰልኝ።»

ሐሲና የማስጠጊያውን ብረት አልለቀቀችም። ሙሔም እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ እንዳደረገ እስክትለቅ ጠበቃት።