«እባካችሁ» ያለው ሰው

ጋሼ ሀብቴ የመሥሪያ ቤቱን የመልእክት ሰርቨር ከውጭ እንዲከፈት ያዘዙት ሁለተኛው የኮሮና ሎክዳውን በታወጀ ማግስት ነው።

«ሁሉም ከቤቱ ይሥራ» አሉት የኮምፒውተር ሠራተኛቸውን ሉቅማንን። «ሌባ ከገባ ግን የሥራ ፈቃድህን የማሳድሰው እኔ መሆኔን አትርሳ።» ከዚያ ቡጎሎቢ ሰፈር ካለው ቤታቸው ገብተው በር ዘጉ።

ሉቅማን ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ካለው የመለዋወጫ መጋዘን ብቻውን ቀርቶ ሰርቨሩን ከፈተው። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የማያውቃቸው አድራሻዎች ለመግባት ያንኳኩ ጀመር። ፓስወርድ ለየብቻ ይሁን ብሎ ለምኖ ነበር፤ ጋሼ ግን «ቤተሰብ አይደለን? ምን መደባበቅ ነው?» ብለው ለሁሉም አንድ ሰጥተዋል፤ የድርጅቱን ስም።

በጋሼ ስም መልእክት ገባ። «ልጆቼ፣ እንዴት ዋላችሁ? እባካችሁ አንድ ሰው ቤት ድረስ ይምጣልኝ።»

ሒሳብ ሠራተኛዋ ጀሊላ ሜንጎ ካለው ቤቷ ደወለች።

«ሉቄ፣ አየኸው?»

«አየሁት።»

«እባካችሁ ይላል።»

«አየሁ አልኩሽ እኮ።»

«ጋሼ ለትራፊክ ፖሊስ እንኳ እባክህ አይሉም። ሌባ ነው፣ ዝጋው። ከአገር ስትባረር ሻንጣህን አልሸከምልህም።»

ሰርቨሩን ዘጋው። ሊነግራቸው ለጋሼ ደወለ። ስልኩ ተነሣ፤ ቃል ግን የለም። የተቆራረጠ፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ ተቋረጠ።

«ስልካቸውንም ወስዷል ማለት ነው» አለች ጀሊላ መልሶ ሲደውልላት።

«ወይ ራሳቸው ናቸው። መናገር አቅቷቸው።»

ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ኦክስጅን የማይፈልግ ቤት አልነበረም።

ሌባ ከሆነና ከከፈተለት የሥራ ፈቃዱ አለቀ። ጋሼ ከሆኑና ካልከፈተላቸው ደግሞ ሰውየው አለቁ። ፓስወርዱን ሁለቴ ተሳሳተ። ከፈተው።

ወዲያው መልእክት መጣ፦ «የቱ ደንቆሮ ነው የዘጋው? ትንፋሽ አጠረኝ። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ እሳቸው ናቸው» አለች ጀሊላ። ለመታመማቸው ማመስገኗ ወዲያው አስደነገጣት። «አምቡላንስ እጠራለሁ። አንተ ሂድ።»

የሞተር ታክሲው፣ ቦዳ፣ ሰው እንዳይጭን ተከልክሏል። ሉቅማን ሰርቨሩን ለአንኳኪው ሁሉ ክፍት ትቶ፣ ማስኩን አገጩ ላይ ጎትቶ ሮጠ። የባቡር ሐዲዱ ጋ ሲደርስ ስልኩን አየ። ከጋሼ ስም ሥር «በመጻፍ ላይ» ይላል። ፍጥነት ጨመረ። የቡጎሎቢ ፎቆች ሲታዩት እንደገና አየ።

አሁንም «በመጻፍ ላይ» ይላል፤ መልእክት ግን አልመጣም።