ሃይብሪድ፦ ከደግሰው ደብተርና ከዘርጋው ጆሮ

1.

ሦስት ጣት። የቀኝ እጅ። የደግሰው።

2. እነማን ናቸው?

ዘርጋውና ደግሰው ቃሊቲ መንገድ ዳር ጋራዥ ከከፈቱ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አይጥና ድመት ሆነዋል። ደግሰው የሃይብሪድ ሥልጠና ልግባ ሲል ዘርጋው ሳቀበት። ደግሰው ገባ፤ ዘርጋው መሳቁን አልተወም። ጠቡ ይኸው ነው። የተደበቀ ምክንያት የምትፈልግ አንባቢ ካለህ፣ ሌላ ቦታ ፈልግ።

3. ከደግሰው ደብተር (ዘርጋው ጮክ ብሎ ሲያነበው)

መነሻ፦ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አንድ መኪና ላይ የተጣመሩት የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ግድም አውሮፓ ውስጥ ነው። በገፍ ለገበያ ያወጡት ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ጃፓኖች ናቸው።

«እስከዚያ የት ተኝቶ ነበር?»

ሀ. ተከታታይ፦ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል እንጂ ጎማ አያዞርም።

«ሰነፍ።»

ለ. ትይዩ፦ ሁለቱም ጎማ ያዞራሉ።

«እንደኛ! ሲጋፉ ይውላሉ በለኛ።»

ሐ. ቅልቅል፦ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ።

«አቋም የለሽ።»

መ. በሶኬት የሚሞላ።

«ስልክ ነው እንዴ?»

ደብተሩን ወረወረው። በቀይ የተሰመረበት የመጨረሻው መስመር ሳይነበብ ቀረ፦ ሞተሩ ዝም አለ ማለት መኪናው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ባትሪው ሲቀንስ ሞተሩ በራሱ ይነሳል።

4. የጋራዡ ሕግ

ዘርጋው የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። «ጠፍቷል» ካለ ደግሰው እጁን ያስገባል። ግማሾቹ መኪኖች በሽቦ የሚነሱ ስለሆኑ ቁልፍ የሚያይ የለም። ሞተር መጥፋቱን ለማወቅ ይህ ሁሉ ወግ አያስፈልግም ነበር፤ ኩራት ነው። ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተሳሳተም። እኔ ተራኪው ብጠላውም ይህን አልነፍገውም።

5. ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

አንድ ደንበኛ ሃይብሪድ አምጥቶ፣ ጋራዡ ውስጥ አቁሞት ምሳ ሄዷል። ሞተሩ ዝም ብሏል።

ዘርጋው፦ ጠፍቷል።

ደግሰው፦ ቆይ፣ ዳሽቦርዱን ልየው።

ዘርጋው፦ በሦስት ቀን ሥልጠና የኔን ጆሮ ልታርም?

ደግሰው፦ ልየው ነው ያልኩት።

ዘርጋው፦ ከፈራህ ዞር በል።

ደግሰው፦ (እጁን የውሃ ፓምፑን ወደሚያዞረው ቺንጋ እየሰደደ) ማንን ነው የምፈራው?

ሞተሩ

ተነሳ።

6.

ዘርጋው ደግሰውን ለመጠየቅ ሆስፒታል አልሄደም። በመኪናው ተናደደ፣ በጃፓኖች ተናደደ፣ ከሁሉ በላይ በደግሰው ተናደደ። እያወቀ ለምን እጁን አስገባ? አፍሮም ነበር። እሱ ስለማይለው እኔ ልበለው።

7. የሥራ አደጋ መርማሪዋ ደግሰው የሞላውን ቅጽ ይዛ ጋራዡ ድረስ መጣች

መርማሪ፦ አቶ ዘርጋው፣ ጥፋተኛ የሆነው ሰው ከእንግዲህ በዚህ ሙያ ፈቃድ አያገኝም። ይህን ያውቃሉ?

ዘርጋው፦ እሱ ምን ብሎ ሞላ?

የደግሰውን ቅጽ ዘረጋችለት። በግራ እጅ የተጻፈ፣ የተንጋደደ ጽሑፍ ነው። ከአንዱ ጥያቄ በቀር ሁሉም ተሞልቷል። በዚያ ጥያቄ ትይዩ፣ ኅዳጉ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ይህን ዘርጋው ይሙላው። ውሸትም ቢጽፍ እፈርምለታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኑን እንዳላይ።»

መርማሪዋ እስክሪብቶ ሰጠችው። ተቀበለ።

8. ተጎጂው እጁን ከማስገባቱ በፊት ሞተሩ ጠፍቷል ያለው ማን ነው?

______________________