ላጎነበሰ ሰው የተሰፋ ሳይክል

…እና ትንሿ ጣቴ ደህና ናት፣ የቀለበት ጣቴም ደህና ናት፣ ከመሪው ላይ አንስቼ በአውራ ጣቴ እነካካቸዋለሁ፣ እንዴት ናችሁ፣ ደህና ነን፣ ይሄ እብደት ካልሆነ ምን ይባላል፣ ልጆች ያደረሰች ሴትዮ አውራ ጎዳና ላይ ከገዛ ጣቶቿ ጋር ሰላምታ ስትለዋወጥ። ከኋላ የመጣው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ይነፋብኛል። እለፍ ወንድሜ፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም፣ ከጠዋት ጀምሮ እየነዳሁ ነው፣ እስኪመሽ እነዳለሁ፣ ዛሬ ፈተናዬ ነው። ጣቶቼ ሳይደነዝዙ ቤቴ ከገባሁ ያቀድነውን ትልቁን የሳይክል ጉዞ ከእህቴ ጋር እሄዳለሁ፣ ከደነዘዙ ግን ሳይክል የሚባል ነገር ዳግመኛ አልነካም፣ ለባሌ ቃል ገብቻለሁ።

አምና በቀዩ ሳይክል ነበር የወጣሁት። ቀዩን ማን አይወድም፣ ቀጭን፣ በአንድ እጅ ብድግ የሚል፣ ገና ሳየው ልቤን ወሰደው፣ እህቴም እታለም ሳይክል ማለት ይሄ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ልክ መውሰድ ማን ሊያስተምረኝ፣ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ መስታወት ፊት ቀጥ ብዬ ቆምኩና እግሬን ለካሁ፣ ክንዴን ለካሁ፣ ሳይክል ሠሪውን እንካ በዚህ አስተካክለው አልኩት። አስተካከለው፣ ምን ያድርግ፣ ከእኔ ጋር ተከራክሮ የት ሊደርስ። ግማሽ መንገድ ላይ ሁለት ጣቶቼ ጠፉ። አሉ፣ ግን የኔ አይደሉም። ቤት ገብቼም እምቢ አሉ፣ መርፌ እይዛለሁ ይወድቃል፣ የሙሽራ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ባሌ ገባ፣ አየኝ፣ ምንም አላለም፣ እሱ ጸጉር አስተካካይ ነው፣ ወሬውን ሁሉ ሱቁ ጨርሶት ነው ቤት የሚመጣው። ሐኪሟ ግን ተናገረች፣ ስሜቱ በጊዜው ተመለሰልሽ፣ ሁለተኛ ከደነዘዘ ላይመለስ ይችላል፣ ወይ መርፌውን ወይ ሳይክሉን። ደግሞ ምን አስመረጠኝ።

ዳገት። ማርሽ ቀንሺ፣ ቀስ፣ ትንፋሽሽን አትጨርሺ፣ እንዲህ ነው።

ያ ሹፌር ባይመጣ ኖሮ። የሰፋሁለትን ኮት ይዞ መጣ፣ እትዬ፣ ስቆም አንደኛ ነው፣ መሪ ስይዝ ግን ጀርባዬን ቀስፎ ይይዘኛል አለኝ፣ እኔም ነገረኛ ነኝ፣ ታዲያ ስለካህ እንደምትነዳው እጅህን ዘርግተህ አትቀመጥም ነበር ብዬ ጮኽኩበት፣ ጮኼ ሳልጨርስ አፌ ውስጥ ስፒል እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ለካ እኔም ራሴን የለካሁት ቆሜ ነው። ማን ቆሞ ሳይክል ይነዳል! ሹፌሩን በአንድ እጅጌው እንደገተርኩት ወጣሁ፣ ይቅር ይበለኝ።

ሳይክል ሠሪው ጋ ትቼው የነበረው ቀዩ አሁንም ያምራል፣ ላየው አልፈለግኩም፣ ጥጉ ላይ የቆመውን አመድማውን አስወጣሁ፣ ብረት፣ ወገቡ ረዘም ያለ፣ ጎማው ወፍራም። ተከትላኝ የመጣችው እህቴ ሳቋ መጣ፣ እታለም ደብዳቤ ልታድይ ነው እንዴ። ሳቂ። ግድግዳ አስደግፌ ወጣሁበት፣ ከሱቁ ጎትቼ ያመጣሁት ባሌ ሜትሩን ገልብጦ ይዞ ከመጨረሻው ያነብልኛል፣ በእሱ ልኬት ቢሆን ክንዴ መሬት ይነካል። ሠሪው እትዬ ቀና በይ ይለኛል፣ አልልም፣ የጠዋቷን ሴትዮ ተዋት፣ ማታ ላይ ደክሟት የምትጎብጠዋን ነው የምትለካልኝ አልኩት። መፍቻውን አነሳ። መሪው ከፍ አለ፣ ወደኔም ቀረበ፣ ኮርቻው ሳያዘነብል ወደኋላ ሄደ፣ ክብደቴ ከእጄ ላይ ተነስቶ መቀመጫዬ ላይ አረፈ፣ እዚያ ደግሞ አምላክ አላሳነሰኝም። የመሪውን ጨርቅ ራሴ ሰፋሁት፣ ከውስጥ የኮት ትከሻ ስፖንጅ፣ ከላይ ቆዳ፣ ስፌቱ መዳፌን እንዳይነካ በታች በኩል።

ቁልቁለት፣ ንፋስ፣ ጸሐይዋ ወደ ጎን ዞራለች፣ ጉልበቴ ያማል፣ ይመም፣ በጉልበቴ ቀሚስ አልሰፋ። ደስ ብሎኛል፣ ሌላ ምን ልበል፣ ደስ ብሎኛል።

የሰፈራችን መታጠፊያ፣ የባሌ ሱቅ ተዘግቷል፣ በዚህ ሰዓት? በራችን ላይ ቆሟል፣ እጆቹ ኪሱ ውስጥ። ደረስሽ። ደረስኩ። ውሃ ላምጣልሽ። ቆይ መጀመሪያ አውርደኝ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። እጁን ይሰጠኛል፣ እይዘዋለሁ፣ መዳፉ በላብ ርሷል፣ ምላጭ ይዞ ተንቀጥቅጦ የማያውቅ እጅ ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ሲፈራ ነው የዋለው። ለምን ትንቀጠቀጣለህ እለዋለሁ። ቀና ብሎ ያየኛል።

ይሰማሻል?

ይሰማኛል።