ውሃ የሚፈራ ቲሸርት

የቂርቆስ ልጆች የጥምቀት ኮሚቴ ሲሰበሰብ ጦቢያ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው፤ ሞኝነቱ ሲበዛባት አንገቷን አውጥታ አየር ለመሳብ።

የዚያን ቀን ሰብሳቢው ማሙሽ፣ ባምቢስ ካለ አንድ ሱቅ ያሠራውን ቲሸርት እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያዞራል። ደረቱ ላይ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ፣ ከኢንተርኔት ወርደው፣ በሰባት ዓይነት ቀለም ያብረቀርቃሉ። ወረቀት ላይ ታትሞ በትኩስ ማሽን የተለጠፈ ነው።

«በቃ፣ ዘመናዊ ማለት ይኼ ነው» አለ። «የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በዚህ እናለብሰዋለን። ስክሪን ምናምን የሽማግሌ ነገር ነው።»

ስክሪን ይሁን፣ ቀለሙ በወንፊት ጨርቅ አልፎ ቲሸርቱ ውስጥ ይግባ ያለችው ጦቢያ ነበረች። ማንም ሳያስተምራት የቤተክርስቲያኑን ግድግዳ እያየች እጇን ያፍታታች ልጅ ናት፤ እናትና ልጁን በመስመር ብቻ ሥላቸዋለች። ካዛንቺስ የሚያትሙት ጋሽ መዝገቡም፣ በስክሪን ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ስለሚሠራለት፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ባለ አንድ ቀለም ሥዕል እንደሚሻል ነግረዋታል። የማሙሽ ካሸነፈ ግን ሥዕሏ አልጋ ሥር ሊከርም ነው። በማን? አንድ መስመር አስምሮ በማያውቅ ሰው!

«እስቲ ሳምፕሉን ስጠኝ፣ ለእማዬ ላሳያት» አለች።

«አየሽ? ወደድሽው!»

«በጣም።»

እቤቷ ወስዳ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው። በደረቅ ሳሙና ፈተገችው፣ ጠምዝዛ ጨመቀችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ለሚቀጥለው ስብሰባ ለብሳው መጣች። ኢየሉጣ አንድ ዓይን የላትም። ሕፃኑ ከወገቡ በላይ እንደ ክረምት ግድግዳ ተልጧል። ጸሐፊዋ ስመኝ አማተበች።

«ምን አድርገሽው ነው?» ማሙሽ ጮኸ።

«አጠብኩት።»

«ማን እጠቢ አለሽ? የጥምቀት ቲሸርት እኮ ነው! ለአንድ ቀን ነው፣ ውሃ አይነካውም!»

«ጥምቀት ላይ የሚረጩህ ምን መሰለህ የኔ ወንድም? ሽቶ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጦቢያ ግን አልሳቀችም፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ አትስቅም።

«ቂርቆስ ከነእናቱ ከሚፈላ ጋን በሰላም ወጥቷል። ያንተ ልጥፍ ግን ከእማዬ ሳፋ መውጣት አቃተው።»

ማሙሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ… እኔም እኮ ከመጀመሪያው ስክሪን ስል ነበር።»

እንዲህ ነው እሱ። ተዘርሮም ቢሆን ዳኛው እጁን እንዲያነሳለት ይጠብቃል።

«ግን» አለ ቀጥሎ፣ «ከኋላ የኮሚቴው አባላት ስም ይኑር። እሱ በሚለጠፈው፣ በሚያብረቀርቀው ወርቅማ ይሁን። የሰብሳቢው ከላይ።»

ስመኝ በጎን ጦቢያን አየቻት። ሁለቱም የሚያውቁትን ማሙሽ አያውቅም፤ ምንጣፍ ተሸክሞ ከታቦት ፊት ሮጦ ስለማያውቅ። የእሱ ሥራ ድምፅ ማጉያ መያዝ ነው።

«እንዴታ!» አለች ጦቢያ። «ትከሻ ላይ ይዋል። ፊደሉም ሰፋ ይበል።»

የጥምቀት ጠዋት ዲያቆናቱ ቧንቧውን ለቀቁት። የሰፈሩ ልጅ ከራሱ እስከ እግሩ ራሰ፤ ጨርቁ ከደረት ጋር ሲጣበቅ የጦቢያ መስመሮች ይበልጥ ጠቆሩ እንጂ አንዷም አልተነቃነቀችም። ታቦቱ ሲነሣ ልጆቹ የራሰውን ምንጣፍ በትከሻቸው አነሡት። ያነጥፋሉ፣ ታቦቱ ያልፋል፣ ጠቅልለው ተሸክመው ይሮጣሉ፣ ደግሞ ያነጥፋሉ። ምንጣፉ ትከሻቸውን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል።

ቂርቆስ ሲደረስ የኮሚቴው ወርቅ መራገፍ ጀመረ። መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙ፣ በኋላ ሙሉ ፊደል። ከፊት ከፊት መንገድ የሚጠርጉት ሴቶቹ ናቸው፤ ጦቢያ መጥረጊያዋን እንደያዘች አስፋልቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አየች፤ አጎንብሳ አነበበችው። «ማሙሽ» ይላል፣ ሙሉውን፣ ሰፋ ብሎ።

ባለስሙ ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ደግኖ ከኋላዋ ይጮኻል።

«እህቶች! ታቦቱ ደረሰ እኮ! ቆሻሻውን ጠረግ ጠረግ አድርጉት!»

ጦቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዘችው።