የቀረችው ጎማ

ቀይዋን መኪና ያየ ሁሉ መጀመሪያ መኪናዋን፣ ቀጥሎ ዊልቸሩን፣ ከዚያ ወደ ሰማይ ነበር የሚያየው። ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ከመሬት ጋር የተጣበቀች የስፖርት መኪና ናት። አጎትየው ሳያገባ ሳይወልድ የኖረ ሰው ነበር፤ ሚስቱም ልጁም እሷው ነበረች ማለት ይቻላል። ሲሞት ታዲያ ለማን ቢተዋት ጥሩ ነው? ለእህቱ ልጅ፣ ለመነጽር ሠሪዋ! ከመሰላል ወድቃ እግሮቿ እምቢ ካሏት ዘጠኝ ዓመት ለሆናት ሴት! «ሰውየው በመጨረሻው ሰዓት ቀልቡን ስቶ ነበር እንዴ?» ያላለ ዘመድ የለም።

መነጽር ሠሪዋ ግን እየሳቀች ታዳምጣቸውና፣ «እናንተ እኮ የምታዩት ቀለሟን ነው» ትላቸዋለች። እውነቷን ነው። ባለ ሁለት በር መኪና በሩ ረጅም ነው፤ ወለል ብሎ ሲከፈት ዊልቸሩ ከመቀመጫው ጎን ልክክ ብሎ ይቆማል። ማርሹም አውቶማቲክ ነው። የቀረውን የሰፈሩ በያጅ ጨረሰላት። ከመሪው ሥር አንድ የብረት ዘንግ አበጀላት፤ ወደ ፊት ስትገፋው ፍሬን ይይዛል፣ ወደ ራሷ ስትስበው ነዳጅ ይሰጣል። መሪው ላይ ደግሞ በአንድ እጅ የምታሽከረክርበት፣ ሎሚ የምታህል ኳስ ገጠመላት። «እንግዲህ ይቺን ባለ እግር ቢነዳት ግራ ነው የሚገባው» አለ በያጁ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች መግባቱ ምንም አይደል፤ ሸርተት ማለት ነው። መውጣቱ ነው ጉዱ! ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ግቢው ውስጥ ከአንዲት አጭር ዱካ ላይ ተነስታ ዊልቸሯ ላይ በክንዷ ስትወጣ፣ ስትወርድ፣ ስትወጣ ከረመች። ሁለቴ ተዘርራለች። እናትየው እያየች፣ «ኧረ በሞቴ ይቅርብሽ፣ ክንድሽ የሸክላ ሠሪ ክንድ ሆነ» ትላለች። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ነገሩ የታላቅ ወንድሟ ነገር ነው። ወንድም ጋሼ ነው የምትለው፤ ድልድይ ሠሪ ነው፣ ቁመቱ ራሱ የድልድይ ምሰሶ የሚያህል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ብድግ አድርጎ ፒካፑ ላይ ያስቀምጣታል፣ ዊልቸሩን ኋላ ይጭናል፣ መነጽር ቤቷ በር ላይ ያወርዳታል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ እንዲሁ። አንድም ቀን አርፍዶባት አያውቅም፣ አንድም ቀን ፊቱን አጥቁሮባት አያውቅም። ትንሽ ቢያጠቁር ኖሮ እኮ ለእሷም በቀለላት።

ታዲያ አንድ ሰኞ ማታ እንደ አውራ ዶሮ የሚጮኸው ስልኩ ጮኸና ጓሮ ሄዶ ሲያወራ ሰማችው። ሁለት ቀን በሚያስኬድ መንገድ፣ ትልቅ ወንዝ ላይ ለሚሠራ ድልድይ ፎርማን ሁንልን፣ እስከ አርብ መልስ ስጠን እያሉ ይለምኑታል። ወንድም ጋሼ ይህን ሥራ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲመኘው ነው የኖረው። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ጠይቀውት ኖሯል፤ እሷ የት አውቃ!

«አይ ጌታዬ፣ አልችልም» ይላል። «ሰው አለብኝ።»

ሰውዬው ዕድሜውን ለእሷ እየቆረሰ ሲያጎርሳት ኖሮ አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ ፒካፑ ውስጥ እንዳሉ አፋጠጠችው።

«እስከ አርብ መልስ ስጠን ብለውህ የለ? ሐሙስ የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለኝ። ብቻዬን ሄጄ፣ ብቻዬን ወርጄ፣ አልፌ ከመጣሁ ትሄዳለህ።»

«ሰማሽ እንዴ?» አለ ደንግጦ። ከዚያ መንገድ መንገዱን እያየ፣ «ካልሆነስ?» አላት።

«ካልሆነማ አፌን ዘግቼ ፒካፕህ ላይ እሳፈራለሁ።»

«እና እኔ እጄን አላስገባ ነው የምትይው?»

«እጅህን ኪስህ ክተት። ካልጠራሁህ በስተቀር ዝር እንዳትል።»

«ይሁን፣ ቃሌ ነው» አለ፣ ጥርስ እንደሚያስነቅል ሰው ፊቱን አጨማዶ።

መንጃ ፈቃድ ድሮም ነበራት። አሁን የሚፈለገው በእጅ መንዳቷን፣ ራሷን ችላ መግባት መውጣቷንም ፈታኝ አይቶ እንዲያጸድቅላት ነው፤ እስከዚያው የምትነዳበት ጊዜያዊ ወረቀት ሰጥተዋታል።

ሐሙስ ጠዋት ወንድም ጋሼ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ በረንዳው ላይ ቆመ። እናትየው «እኔ ማየት አልችልም» ብላ ቤት ገባችና በመስኮት ማየት ጀመረች። መነጽር ሠሪዋ ዊልቸሯን ከመኪናዋ አስጠጋች፣ ፍሬኑን ያዘች፣ በክንዷ ብድግ ብላ ሸርተት አለችና ገባች። እግሮቿን አንድ በአንድ አንስታ አስገባች። ቀጥሎ ዊልቸሩን መፍታት ነው። የጎማው መሀል ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን ሲሏት ጎማው ውልቅ ይላል። አንደኛውን ጎማ ነቀለችና ከመቀመጫው ኋላ ሸጎጠችው። ሁለተኛውንም ነቀለችና እጇ እንዲለቀቅላት የበረንዳው ግንብ ላይ አስደገፈችው።

«ልጄ፣ ውሃ ይዘሻል?» አለች እናትየው በመስኮት።

«ይዣለሁ!»

«ሹራብስ?»

«እማዬ በናትሽ!»

የዊልቸሩን ብረት በደረቷ ላይ አሳልፋ ጎኗ ያለው ወንበር ላይ ጎለተችው። በሩን ዘጋች። ወንድም ጋሼማ ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የከፈተው ሞተሩ ሲያጓራ ነው።

ኧረ መንዳት! ዘንጉን ወደ ራሷ ሳብ ስታደርገው ቀይዋ ከጀርባዋ ገፋ አደረገቻት። ዘጠኝ ዓመት መንገድ ያየችው ሌላ ሰው ሲነዳላት ነው። ዛሬ ስፖኪዮው የእሷ፣ ፍሬቻው የእሷ፣ ቅድሚያ ልስጥ አልስጥ የእሷ ሆነ። መብራት ይዟት ስትቆም ከአጠገቧ ያለ ባለ ታክሲ አንገቱን አስግጎ መኪናዋን ከጎማ እስከ ጣሪያ አያትና «እመቤቴ፣ እንለዋወጥ?» አላት። «የአንተ ሰልችቶኛል፣ ከፍታው ያዞረኛል!» ብላው ጥላው ሄደች። ብቻዋን እየሳቀች «ነፍስህን ይማር አጎቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ጮክ ብላ። ደስታው አላስችል ብሏት እንባዋም መጣ።

መፈተኛ ሜዳው ስትደርስ ፈታኙ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ኮስታራ ሰው ነው። መነጽሩ ወደ ግራ ተንጋዷል፤ እሷ ደግሞ ከምንም በፊት ያየችው እሱን ነው።

«ደህና አደሩ። የት ነው የምቀመጠው?» አለ። ወንበሩ ላይ የዊልቸሩ ብረት ተኮፍሶበታላ።

«አሁን አወርደዋለሁ» አለችና ብረቱን በደረቷ ላይ መልሳ አሳልፋ በበሩ አወጣችው። እጇን ወደ ኋላ ሰደደች። ጎማ። እሱን ገጠመች። እንደገና ሰደደች። ምንም የለም። ጣቷ እስኪቀጥን ዳበሰች። ግንቡ ድቅን አለባት፣ ግንቡን ተደግፋ የቀረችው ጎማም አብራ።

«ወይኔ ጉዴ!»

«ምን ሆኑ?»

«ጎማ ረስቼ መጣሁ።»

ፈታኙ መኪናዋን ዞሮ አየ። «አራቱም አሉ» አለ።

«የመኪናውን አይደለም ጌታዬ» ስትለው ነው ወደ ዊልቸሩ ያየው፤ አንድ ጎኑ መሬት ላይ ተንጋሎ ተኝቷል።

ፈታኙ ራሱን ነቀነቀ። «ጥበቃውን ልጥራልዎትና ተጋግዘን እናውርድዎት?»

«አይሆንም። ብቻዬን መውረዴንስ ማን ያይልኛል?»

«እንግዲያው ሃያ ደቂቃ ልጠብቅዎት። ከዚያ ካለፈ ተራዎ በሚቀጥለው ወር ነው።»

በሚቀጥለው ወር! አርብ ነገ ነው። ስልኳን አወጣችና መልሳ ጭኗ ላይ ጣለችው። ብትደውል፣ ይኸው ያለ ወንድም ጋሼ ከበር አላለፈችም። ባትደውል፣ እዚሁ እንደተጎለተች ሃያው ደቂቃ ያልቃል። ዓይኗ ፈታኙ ላይ አረፈ። መነጽሩ የተንጋደደው ጎኑ ላይ አንዲት ብሎን ስለላላች ነው። ሱቋ ስንት ሰው ነው በጎደለች ብሎን የተነሳ መነጽሩ የሞተ መስሎት እያዘነ የሚመጣው! «አይዞዎት፣ ዓይንዎ እኮ አልጠፋም፣ የጠፋችው ብሎን ናት» ትላቸዋለች፤ ለሰው ስትል ቀላል ነበር። ደወለች።

ከአጥሩ ወዲያ አውራ ዶሮ ጮኸ።

ክው አለች። ስልኩ ተነሳ። «አቤት» አለ ወንድም ጋሼ።

«ወንድም ጋሼ... ጎማዬን...»

«ይዤዋለሁ። ልግባ?»

ጎማዋን ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። ፊቱ በላብ ተጠምቋል። እጁን ዘርግቶ አቀበላትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ እጆቹን ደግሞ ወዲያው ኪሱ ከተተ።

«መቼ መጣህ?»

«አንቺ ሞተር ስታጠፊ። ካልጠራሽኝ ዝር አልልም ብዬሽ ነበራ።»

«ሲንቆራጠጥ ሌባ ነው የመሰለኝ» አለ ጥበቃው ከኋላው። «ግባ ብለው እንቢ አለኝ፣ ሂድ ብለውም እንቢ አለኝ።»

ዘጠኝ ዓመት ሳትጠራው ሲደርስላት ኖሯል። ዛሬ ግን ጎማዋን ታቅፎ፣ ከእሷ አጥሩ ብቻ እየለየው፣ እስክትጠራው ቆመ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብደው አላጣችውም። ግን ሰዓት የለም፤ ጎማዋን ገጠመች።

አሁን የቀረው መውጣቱ ነው። አንድ እጇን ዊልቸሩ ላይ፣ አንዱን መቀመጫው ላይ አድርጋ ራሷን ሽቅብ ገፋች። ግማሽ ላይ ክንዷ ተንቀጠቀጠና ተመልሳ ዘጭ አለች። ወንድም ጋሼ ኪስ ውስጥ ቡጢው ሲንፈራገጥ በሱሪው ላይ ይታያል። ፈታኙ ሰዓቱን አየ። ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ጎንበስ አለች፣ ሦስት ወር የተጣላችውን ያን ዱካ አሰበችና ገፋች። ሽቅብ፣ ሽቅብ፣ ከዚያ ዊልቸሯ ላይ ቁጭ! ጥበቃው አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ያለው የመንዳት ነገር ነው፤ እሱንማ ትችለዋለች። ዊልቸሩን ሜዳው ላይ ትታ ፈታኙን ጭና ዞረች፣ ወደ ኋላ ሄደች፣ ዳገት ላይ ቆማ ተነሳች። ሲመለሱ ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

«አልፈዋል» አለ። «ከእንግዲህ ግን ከቤት ሲወጡ ጎማ እስከ ስድስት ይቁጠሩ።»

«እሺ። እርስዎም ያንን መነጽር አንዴ ይስጡኝ» አለችና ከቦርሳዋ ትንሿን መፍቻ አውጥታ ብሎኑን አጠበቀችለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየችው።

ወንድም ጋሼ ዘንድ ስትደርስ ግን ፈገግታዋ ከሰመ። «ጠርቼሃለሁ እኮ» አለችው። «ብቻዬን ነበር ያልኩት። አይቆጠርም።»

«እስቲ ዝም በይ» አላት። «እኔ ስንቴ ነው ድልድይ አናት ላይ ወጥቼ መፍቻዬን ምድር የረሳሁት? ‹ላኩልኝ› እላለሁ፣ በገመድ ይልኩልኛል። ይሄ ሰው ድልድይ መሥራት አይችልም ያለኝ እስካሁን የለም።» ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፊቷ ደወለ። «ጌታዬ፣ እኔ ነኝ። እመጣለሁ» አለ።

እሁድ ረፋድ ላይ አውቶቡስ ተራ ያደረሰችው እሷው ናት፤ በቀይዋ። ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ፣ የዊልቸሩን ብረት ጉልበቱ ላይ ታቅፎ፣ ሻንጣው እግሮቹ መሀል ሆኖ ብረቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሞተሩን አጠፋችና ወደ እሱ ዞረች።

«ወንድም ጋሼ፣ አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብዬህ አላውቅም። ከጀመርኩ የማቆም አይመስለኝም ነበር። ያነሳኸኝን ሁሉ፣ ያን ቀን አጥር ስር ቆመህ ያላነሳኸኝንም፣ አመሰግናለሁ።»

«ተይ እንግዲህ፣ አታስለቅሺኝ፣ ሰው ያያል» አለ። ብረቱንና ሻንጣውን በበሩ አወጣና ለመውረድ ተነሳ። አልተነሳም። እንደገና ሞከረ፤ ጉልበቱ እንቢ አለ። «ኧረ ይቺ ጉድጓድ ናት እንጂ መኪና ናት?»

ከት ብላ ሳቀች። «ለዚህ ትምህርት አለው። እግርህን ቀድመህ አውጣ። አንድ እጅህን በሩ ደፍ ላይ። አሁን ወደ ፊት ጎንበስ በል፣ ከዚያ በክንድህ ግፋ።»

ጎንበስ ሲል ሁለት መዳፏን ጀርባው ላይ አሳርፋ ባላት ኃይል ሽቅብ ገፋችው። ዘጠኝ ዓመት ሲያነሳት የኖረውን ሰው ያን ቀን እሷ አነሳችው።

ቀጥ ብሎ ሲቆም ዞሮ አላያትም፤ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ የዊልቸሩን ብረት መልሶ ወንበሩ ላይ አደላደለና መኪናዋን በጣቱ እየጠቆመ ዙሪያዋን ዞረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ከመቀመጫው ኋላ ያሉትን አየ።

«አምስት፣ ስድስት» አለ። «ሙሉ ነው። በይ ሂጂ።»